ኮራሉና ቧንቧው፦ ኤላት ላይ ሰው የሚከራከረው ስለ ምንድን ነው?

እስራኤል ውስጥ «ኤላት ልንሄድ ነው» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም። እረፍት ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን በአውቶቡስ ጭኖ፣ «ኖፌሽ» በሚሉት የሠራተኞች ሽርሽር፣ ሁለት ሦስት ቀን ሆቴል የሚያሳርፍባት ከተማ ነች። ልጆች ይዋኛሉ፣ ትልልቆቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ከ1985 ጀምሮ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ስለሆነች ዕቃው ቀለል ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሆቴሎቹ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች የሚታሰሩበት የብረት ድልድይ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ሰዎች መነጽር አድርገው ዓሣና ኮራል የሚያዩበት ጥብቅ ሥፍራ አለ። እነዚህ ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ጠቡ የከረረው ግን በ2020 ተጨማሪ ነዳጅ በኤላት በኩል በቧንቧ ለማሳለፍ አንድ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ «የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከነዳጅ ሰዎች ጋር ተጣሉ» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ የሰፋ ነገር አለው፤ እስቲ ከሥሩ እንየው።

ኤላት የት ነች?

የእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ ቀይ ባሕር በቀኝ በኩል እንደ ጣት ወደ ሰሜን ከሚዘረጋው የአቃባ ባሕረ ሰላጤ መጨረሻ ላይ። መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው ቦታው አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራባት ዔጽዮንጋብር የምትገኘው በኤሎት አጠገብ፣ በቀይ ባሕር ዳር እንደነበር መጽሐፈ ነገሥት ይናገራል። ልክ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ነው የንግሥተ ሳባ ታሪክ የሚመጣው።

የዛሬዋ ኤላት 50 ሺህ ገደማ ነዋሪ አላት። የባሕር ዳርቻዋ ሙሉው ከ15 ኪሎ ሜትር ያንሳል። በምሥራቅ የዮርዳኖሷ አቃባ በዓይን ትታያለች፣ በምዕራብ የግብጿ ጣባ አለች፣ ራቅ ብሎ የሳዑዲ ተራራ። በዚህች ጠባብ ዳርቻ ላይ ሆቴሎቹ፣ የንግድ ወደቡ፣ የኮራሉ ሥፍራና የነዳጅ ወደቡ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ዳርቻው ሰፊ ቢሆን ኖሮ አንዱን ከሌላው ማራቅ ይቻል ነበር። እዚህ ማራቂያ ቦታ የለም።

ሌላም ነገር አለ። ባሕረ ሰላጤው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ሰፊው ቦታው ላይ እንኳን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ከ1,800 ሜትር ያልፋል። መውጫው ጥራን በሚባለው ጠባብ ሰርጥ ነው። አንገቷ የጠበበ እንስራ አስቡ። እንስራዋ ውስጥ የገባ ነገር በቀላሉ አይወጣም፤ ውሃውም ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም።

ነዳጅ የማይወጣባት ከተማ የነዳጅ ወደብ እንዴት ሆነች?

ኤላት ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ የለም። ነዳጁ አላፊ ነው።

በሰኔ 1967 በተደረገው ጦርነት ምክንያት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። እስከ 1975 ድረስ አልተከፈተም። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ነዳጅ አፍሪካን በሙሉ መዞር ነበረበት። ያኔ እስራኤልና በንጉሧ በሻሁ ትገዛ የነበረችው ኢራን (አዎ፣ ኢራን) በሽርክና አንድ መላ ፈጠሩ። መርከቡ ነዳጁን ኤላት ያራግፋል፣ ነዳጁ 254 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ በረሃውን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ዳር ያለችው አሽቀሎን ይደርሳል፣ ከዚያ ሌላ መርከብ ይረከበዋል። ዋናው መንገድ ሲዘጋ በጎረቤት ጓሮ አቋርጦ እንደ ማለፍ ነው።

በ1979 የኢራን አብዮት መጣና ሽርክናው ፈረሰ። ቧንቧው እስራኤል እጅ ቀረ። ኢራን ድርሻዬን ብላ ከሰሰች፤ በ2016 የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት እስራኤል 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንድትከፍል አጸና። እስራኤል ከጠላት አገር ጋር መገበያየት በሕግ ክልክል ነው ብላ አልከፈለችም።

ቧንቧው ግን ሥራ አልፈታም። በ2003 ፍሰቱን መገልበጥ እንዲቻል ተደረገ፤ ከሜዲትራኒያን በኩል የመጣ ነዳጅ ወደ ኤላት ወርዶ ወደ እስያ መሄድ ጀመረ። የሚያስተዳድረው ኩባንያ የመንግሥት ነው፣ ሥራውም ለብዙ ዓመታት በምስጢር ትእዛዝ የተሸፈነ ነበር። ይህ ለኋላው ጭቅጭቅ ትልቅ ድርሻ አለው። ሰው ደጁ ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያልፍ፣ የማን እንደሆነ፣ አደጋ ቢመጣ ምን ዝግጅት እንዳለ እንዲያውቅ ካልተደረገ፣ በኋላ «አትስጉ» ቢሉት አያምንም።

በ2020 ምን ተፈጠረ?

በመስከረም 2020 እስራኤልና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ግንኙነት የሚያስጀምራቸውን፣ የአብርሃም ስምምነት የተባለውን ፈረሙ። በወሩ፣ ጥቅምት ላይ፣ የቧንቧው ኩባንያ ከኤሚሬቶችና ከእስራኤል ነጋዴዎች ሽርክና ጋር አቡዳቢ ላይ ሌላ ውል ተፈራረመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የፋርስ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ነዳጅ በመርከብ ኤላት ይመጣል፣ በቧንቧው አሽቀሎን ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ።

ስዊዝ ክፍት ሆኖ ሳለ ለምን? ምክንያቱም በጣም ግዙፎቹ ነዳጅ ጫኞች ሙሉ ጭናቸውን ይዘው ቦዩን ማለፍ አይችሉም። ግብጽም ራሷ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቀይ ባሕርን ከሜዲትራኒያን የሚያገናኝ የነዳጅ ቧንቧ አላት። የኤላቱ መንገድ ከዚህ ጋር ሊወዳደር ነው የታሰበው።

ለኤላት ሰው የገባው ግን ሌላ ነው፦ ብዙ ተጨማሪ መርከብ ሊመጣ ነው።

ኮራል ምንድን ነው? የኤላቱስ ምን ልዩ ነገር አለው?

ኮራል ሲታይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ወይም የባሕር አበባ ይመስላል። እንስሳ ነው። እያንዳንዱ በጣም ትንሽ ነው፣ ሺዎች ሆነው ተጣብቀው ይኖራሉ፣ ከሥራቸውም የኖራ ድንጋይ እየገነቡ ያድጋሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ ተከራይ አለ፤ አልጌ የሚባል ከዓይን የሚያንስ ነገር። ተከራዩ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ኪራዩንም በምግብ ይከፍላል። የኮራሉ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ተከራይ ነው።

ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ኑሮ ይናጋል። ኮራሉ ተከራዩን ያስወጣል፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ይሞታል። በአብዛኛው ዓለም ከተለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ መጨመር በቂ ነው። የአውስትራሊያው ታላቅ የኮራል ግንብ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ የተመታው እንዲህ ነው።

የኤላት ኮራል ግን ከዚህ ይለያል። ኤላት ያለው የባሕር ምርምር ተቋም ውስጥ ማዖዝ ፋይን የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ኮራሎቹን በገንዳ ውስጥ አድርገው ውሃውን አሞቁት። ሌላ ቦታ የሚገድል ሙቀት እነዚህን አልገደላቸውም። ከአካባቢያቸው የበጋ ሙቀት አምስት ዲግሪ ያህል ሲጨመርባቸው እንኳን ብዙዎቹ ቻሉት።

ለምን ቻሉት? መልሱ ወደ እኛ ሰፈር ያመጣናል። ባለፈው የበረዶ ዘመን የባሕር ወለል በጣም ዝቅ ብሎ ስለነበር ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ሊቋረጥ ምንም አልቀረውም፣ ጨዉም ለኮራል የማይሆን ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ ኮራሎቹ በባብ ኤል ማንደብ በኩል እንደገና ገቡ፤ ጅቡቲን፣ የኤርትራን ጠረፍና የመንን እያለፉ ትውልድ በትውልድ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ደቡቡ በበጋ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ባሕር ነው። እንደ ወንፊት ሠራ። ሙቀት የማይችለው እዚያው ቀረ፣ የቻለው አለፈ። ሰሜን ደርሰው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ ቢኖሩም ያ የቆላ ጽናት አብሯቸው አለ። ቆላ ያደገ ሰው ደጋ ወጥቶ ቢኖር፣ አንድ ቀን ደጋው ቢሞቅ እሱን እንደማያስደነግጠው ማለት ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ቦታ የሚንከባከቡት ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዓለም እየሞቀ ሲሄድ በመጨረሻ ከሚተርፉት የኮራል ሥፍራዎች አንዱ ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ። ዘር የሚቀመጥበት ጎተራ ነው። በ2021 ከ200 በላይ ሳይንቲስቶች የነዳጁን ውል ተቃውመው ለመንግሥት የጻፉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀትን የሚችለው ኮራል ነዳጅን አይችልም።

ነዳጅ ቢፈስ ኮራሉን ምን ያደርገዋል?

ብዙ ሰው «ነዳጅ ይንሳፈፋል፣ ኮራሉ ከታች ነው፣ ታዲያ ምን አገናኛቸው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የኤላት ኮራል ጥልቅ ቦታ ብቻ አይደለም የሚኖረው። ከዳርቻው አጠገብ፣ ውሃው ሲጎድል ራሱ ብቅ እስኪል ድረስ ከላይ ነው ያለው። ድፍድፍ ነዳጅም ሁሉም አይንሳፈፍም፤ ከመርዙ ከፊሉ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮራል ልጆች፣ እጮቹ፣ ተጣብቀው የሚያድጉበት ቦታ እስኪያገኙ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ብዙዎቹም ወደ ላይኛው ውሃ ይወጣሉ። ነዳጁ የሚያገኛቸው እዚያ ነው።

ይህ ግምት እንዳይመስላችሁ፣ ኤላት ራሷ ላይ ታይቷል። በ1970 መስከረም ውሃው ከተለመደው በላይ ጎደለና ከላይ ያሉት ኮራሎች አየር ላይ ቀርተው እጅግ ብዙዎቹ ሞቱ። ይህ የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ነዳጅ የለበትም። ከዚያ በኋላ ግን የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዮሲ ሎያ ሁለት ቦታዎችን ለዓመታት ተከታተሉ። አንደኛው ከነዳጅ ወደቡ ራቅ ያለ፣ ሁለተኛው ወደቡ አጠገብ ያለው ጥብቅ ሥፍራ። በዚያን ጊዜ ከመርከቦች ትንሽ ትንሽ ነዳጅ በተደጋጋሚ ይፈስ ነበር። ራቅ ያለው ቦታ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገገመ፣ አዳዲስ ኮራሎች በቀሉበት። ወደቡ አጠገብ ያለው አላገገመም። ቀጥሎ የመጣ ጥናት ደግሞ እዚያ ያሉት ኮራሎች የመራባት አቅማቸው እንደቀነሰ አሳየ።

ይህ ጥናት ነው ለእኔ የጉዳዩ ልብ። ነዳጁ በአንድ ጊዜ አጥለቅልቆ አልገደለም። ቁስሉ እንዳይድን ነው ያደረገው። በዜና የሚወጣ ትልቅ አደጋ ሳይመጣ፣ በየጊዜው በሚንጠባጠብ ጥቂት ነዳጅ ብቻ።

ማጽዳትስ? በየካቲት 2021 ከአንድ መርከብ የፈሰሰ ነዳጅ ጥቁር ቅጥራን ሆኖ የእስራኤልን የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሞላ ጎደል በሙሉ መታው። በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ወጥተው አሸዋውን በእጅና በወንፊት አጸዱ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ስለ ኤላት ውል ክርክሩ በጦፈበት ወቅት ነው። አሸዋ ይነፋል፣ ይታፈሳል፣ ይቀየራል። ኮራል ግን በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትርና በጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ፍቀህ አታነሳለትም፣ ከሌላ ቦታ አምጥተህ አትደፋለትም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ምንም አልሆነም» የሚለውስ?

የደጋፊዎቹ ሐሳብ በአግባቡ መሰማት አለበት። ዘመናዊ ነዳጅ ጫኞች ድርብ ግድግዳ አላቸው፣ የ1970ዎቹ መርከቦች አይደሉም። ወደቡም መሣሪያና የሠለጠነ ሰው አለው። ቧንቧው ደግሞ ለአገሪቱ የክፉ ቀን መንገድ ነው፤ ስዊዝ ወይም ሜዲትራኒያን ቢዘጋ ነዳጅ የሚገባበት ሌላ በር መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ እውነት ናቸው።

ከዚያ ጎን ግን ኤቭሮና አለች። ከኤላት በስተሰሜን ያለች የበረሃ ጥብቅ ሥፍራ ነች፤ ግራር፣ የሜዳ ፍየልና በዓለም ላይ በሰሜን በኩል የመጨረሻው የዱም ዘንባባ ያለባት። በታኅሣሥ 2014 ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል ቧንቧውን ለማዛወር ሥራ ላይ ሳሉ ፈነዳ። አምስት ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ በረሃው ላይ ፈሰሰ። በድንበሩ ማዶ አቃባ ውስጥ ከ80 በላይ ሰዎች ሽታው አሟቸው ሕክምና እንደሄዱ ያኔ ተዘግቦ ነበር። እዚያው ኤቭሮና በ1975ም ፈስሶ ነበር። ተመራማሪዎች ያንን የድሮ ቦታ ከአርባ ዓመት በኋላ ሲያዩት የግራሩ ችግኝ አሁንም እንደሚገባው አይበቅልም ነበር፤ ነዳጅ የጠጣ አፈር ውሃ አያሰርግም።

እስቲ እናስላ። አንድ ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሁለት ሚሊዮን በርሜል ያህል ይይዛል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ወደ 318 ሚሊዮን ሊትር ይመጣል፣ ኤቭሮና ላይ ከፈሰሰው ከ60 እጥፍ በላይ። ሁሉም ይፈሳል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ያለ አደጋ ብርቅ ነው። ግን ሳር ቤት ውስጥ ኩራዝ የሚያበራ ሰውም ሌሊቱን ሁሉ በሰላም ነው የሚያድረው። ቤቱ የሚቃጠለው አንድ ቀን ነው። ክርክሩ «ዛሬ ይቃጠላል አይቃጠልም» አይደለም፤ ስንት ኩራዝ እንጨምር የሚለው ነው።

ገንዘቡ የማን ነው፣ ስጋቱስ?

ቧንቧ ሰው አይፈልግም። ጥቂት ባለሙያ ይበቃዋል፣ ገቢውም በዋናነት የመንግሥት ኩባንያው ነው። ሆቴል ግን አንሶላ የሚቀይር፣ ወጥ የሚሠራ፣ ሻንጣ የሚያወጣ ይፈልጋል። ኤላት ሆቴሎች ውስጥ ብዙ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ስደተኞች ለዓመታት ሠርተዋል፤ በኋላ ደግሞ ጠዋት ከአቃባ ድንበር ተሻግረው ማታ የሚመለሱ ዮርዳኖሳውያን ተጨመሩ። ስለዚህ ባሕሩ ቢበላሽ መጀመሪያ ሥራ የሚያጣው ጠላቂ አስተማሪው ብቻ አይደለም፣ ክፍል የምታጸዳውም እናት ነች። ውሃም አለ፦ ኤላት የምትጠጣው ጨው የተጣራለት ውሃ ነው፣ ከፊሉም ከዚሁ ባሕር የሚቀዳ።

ከተማዋ ለባሕሩ ስትል ገቢ ስትተው የመጀመሪያዋም አይሆንም። በባሕሩ ውስጥ የዓሣ ማርቢያ ጎጆዎች ነበሩ፣ ከዓሣው ምግብና ኩስ የሚወጣው ነገር ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ ከረጅም ክርክር በኋላ በ2008 ወጡ።

ነገሩ የት ደረሰ?

የእስራኤል ተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርና ሌሎች ድርጅቶች በ2021 ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰዱት፣ ነዋሪዎችም ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩ ለኤላት ባሕር አንድ መመሪያ ያዘ፦ ባለው ስጋት ላይ ምንም ተጨማሪ ስጋት አይፈቀድም። ቧንቧው አልተዘጋም፣ የሚመጣው ነዳጅ ግን እንዳይጨምር ተደረገ፤ የኤሚሬቶቹም ውል በታሰበው መጠን ሊሄድ አልቻለም። ኩባንያውና አንዳንድ የመንግሥት ክፍሎች መመሪያው እንዲላላ መገፋፋታቸውን ግን አልተዉም።

ከጥቅምት 2023 በኋላ ሌላ መዓት መጣ። በጋዛው ጦርነት የተፈናቀሉ 60 ሺህ ያህል እስራኤላውያን ኤላት ገቡ፣ ከተማዋ በእጥፍ አበጠች፣ ሆቴሎቹ መጠለያ ሆኑ። ሑቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ደግሞ መኪና ይራገፍበት የነበረው የንግድ ወደብ ባዶውን ቀረ። ይህን አይቶ አንዱ ወገን «አማራጭ መንገድ ያስፈልጋል ያልነው ለዚህ ነው» ይላል። ሌላው «በሚሳይል መንገድ ላይ ነዳጅ ጫኝ ልታቆሙ ነው?» ይላል።

ከኤላት ውጭ ማንን ይመለከታል?

የአቃባን ባሕረ ሰላጤ የሚካፈሉት አራት አገሮች ናቸው፦ እስራኤል፣ ዮርዳኖስ፣ ግብጽና ሳዑዲ ዓረቢያ። ዮርዳኖስ ከዚህ ሌላ መርከብ የሚገባበት ባሕር የላትም። በአካባቢው ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል፤ ኤላት ላይ የፈሰሰ ነገር ኤላት ላይ አይቆምም። አገሮቹ ደግሞ ሁልጊዜ አይነጋገሩም። ለዚህ ነው በ2019 ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ሆና የቀይ ባሕር ኮራልን የሚያጠና፣ የየአገሩን ሳይንቲስት የሚያሰባስብ ማዕከል ያቋቋመችው።

ከምጽዋና ከዳህላክ ጀምሮ እስከ ሰሜን ጫፍ ያለው ኮራል የአንድ ጉዞ ዘር ነው። የደቡቡ አሁኑኑ የሙቀቱ ጠርዝ ላይ ይኖራል፣ ትንሽ ሲጨመርበት የሚነጣው እሱ ነው። ሙቀት የማለፍ አቅም ተርፎት የተቀመጠው ሰሜን ላይ፣ ነዳጅ ጫኞቹ ከሚታሰሩበት ድልድይ አጠገብ ያለው ነው።